የሙከራ ቤተሰብ

ጅጅጋ፣ ነዋሪ በሚመዘገብበት ቢሮ የሚሠራ ሸበቶ መዝጋቢ፣ እሳት ባጠቆረው የቤት ቁልፍ ጆሮውን ይኮረኩራል። ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም፤ እዚያ ቢሮ ሐሜት እንጂ ጥያቄ አይወደድም። አዲሱን ፎርም ኮምፒውተር ላይ ሲሞክር ከላይ ራሱን አባወራ ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ በምትከፈተው ትንሿ ፎርም ደግሞ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ደረደረ። «ጋሼ፣ ሳይደግሱልን አገቡ?» እያለች የሥራ ባልደረባው ኢልሀም ስታሾፍበት ሰነበተች።

ዛሬ እውነተኛው ምዝገባ ሊጀመር ነውና፣ «በሉ እንግዲህ፣ የውሸት ቤተሰብዎን ያጥፉልን» አለችው።

«ከላይ ያለውን ሳጠፋ ከሥሩ ያሉትም አብረው ይጠፋሉ።»

«ታዲያ ተገላገልን አይደል?»

«ፎርሙስ ደግ ነው» አላት፣ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ። «በኔ ቤት ግን የታችኞቹ ጠፍተው የላይኛው ቀረ።»