አጥሩን አልፎ የሚገባው ሾፌር

የአሰብ ሙቀት በጠዋትም አይምርም። ሽርጥ ያገለደመው ሾፌር ኮንጎ ጫማውን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲያወልቅ፣ የእኔን ጫማ ነጠላዬ ሥር ሸሸግኩ። ሌሎቹ ሾፌሮች ንጹሕ አይደለንም ብለው አጥሩን ተሳልመው ውጪ ይቆማሉ። እሱ ግን ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ እንዳለ፣ እናቱ ቤት የሚገባ ይመስል ሰተት ይላል። የማይፈራ ሰው ደግሞ አያስተማምንም።

«አንተ ልጅ፣ እግዜርን አትፈራም?» አልኩት።

«ፈርቼማ ስንት ዓመት ውጪ ቆሜያለሁ፣ እማማ። ልጇን ገጭቼ የገደልኩባት እናት ናት፣ ‹እኔ ይቅር ካልኩህ እሱ ያባርርሃል? ግባ› ያለችኝ።»

ይህን ሲል አንገቱን አልደፋም። ከዚያ ገባ።

ጫማዬን አውጥቼ ከእሱ ጫማ ጎን አኖርኩ። ዓይኔን ግን ጫማችን ካለበት በር አላነሳሁም።