ለአንድ በር ሦስት ከተማ

በኅዳር መባቻ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እኔና ባለቤቴ ሰናይት በር ፍለጋ ከአዲስ አበባ ወጣን። የቤት በር አይደለም፤ የመኪና ነው። ያለችኝ መኪና ባለ ሁለት በር የጣሊያን ስፖርት ናት፤ አፍንጫዋ ረዘም፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ በጎረምሳነቴ ገዝቻት አብራኝ ያረጀች ቀይ መኪና። ሞተሯ ዛሬም በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። ላሜራዋ ግን ዝናብ አይወድላትም። ይህን የነዳት ሁሉ ያውቃል፤ እያወቀም ይወዳታል። ዝገቷ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ዛሬ ቀለሙ ትንሽ አበጠ ስትሉ ነገ ጣታችሁ በቀዳዳው ያልፋል።

ዘንድሮ ለዓመታዊ ምርመራ ስወስዳት መርማሪው የቀኙን በር ሊከፍት ቢሞክር እጀታው ከነላሜራው እጁ ላይ ቀረ። እንደ ዕቃ ተበዳሪ በሁለት እጁ መለሰልኝና፣ በሩ በወጉ ካልተዘጋ ቦሎ እንደማይሰጠኝ ነገረኝ። የአምናው ቦሎ ጊዜው ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው። ሰናይት በዚያው ዕለት ፍርዷን ሰጠች፤ በር ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ መኪናዋ ለቁራሌው። የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት። መፍረድም ይገባታል፤ በሩ በኩርባ ላይ ተከፍቶ እንዳይጥላት በገመድ አስራ፣ የገመዱን ጫፍ ይዛ ስትጓዝ የኖረችው እሷ ናት። እኔ መሪውን እይዛለሁ፣ እሷ ገመዱን። እንዲህ ሆነን ስንት አገር አይተናል።

የምንሄደው በአንድ ስልክ ተማምነን ነው። ወልቂጤ ላይ ላሜራ የሚቀጠቅጠውና የሚበይደው ዳዊት፣ ቡታጅራ አጠገብ አንድ ሐጂ ቤት የእኔዋ ዓይነት መኪና ቆማ እንደቀረች፣ በሮቿም እንደ አዲስ እንደሆኑ ሰምቶ ደወለልኝ። ዳዊት ራሱ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው።

ወሊሶ

ቱሉ ቦሎን ስናልፍ ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጫጆች ተሰልፈውበታል። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ወለሏንም ከዓመታት በፊት በወፍራም ላሜራ ስላስቀየርኩት አቧራ አልገባብንም። ወሊሶ ደርሰን ፉል በትኩስ ዳቦና ሻይ ቁርስ በላን። ወጥተን ስንመጣ ሽበታም ሰውዬ መኪናዋን እየዞሯት አገኘናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳያቀርቡ፣ “ወለሏ አለ?” አሉኝ።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ባለቤት የነበረ ሰው ብቻ ነው። እንዳለ ስነግራቸው እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። የእሳቸው አረንጓዴ ነበረች። ጅማ ሲያስተምሩ በክረምት ወለሏ ተቀዶ፣ ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛቸው ጫማው መንገድ ላይ ወድቆ በአንድ እግር ጫማ ሠርግ ቤት ገብቷል። ሲያወሩት ከሳቁ ብዛት እንባቸው መጣ። ለምን እንደሸጧት ብጠይቃቸው ልጅ ተወለደ አሉኝ። ስንነሳ ኮፋኖዋን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጉላት።

ወልቂጤ

ወልቂጤ የገባነው ፀሐይ ስትከር ነው። የዳዊት ጋራዥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የባጃጅ ጎማና የወፍጮ ቤት በርሜል የሞላበት ግቢ ውስጥ ነው። ዳዊት አርባዎቹን የተሻገረ፣ የቸሃ ልጅ፣ በሥራ መካከል መዝሙር የሚያንጎራጉር ሰው ነው። የመኪናዬን በር አይቶ አልሳቀም። በመዶሻው እጀታ ቀስ ብሎ አንኳኳና፣ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ በር አይደለም። ስቱኮ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነው” አለኝ። እውነቱን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ባለፈው የቀባልኝ ሰው ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ሸኝቶኝ ነበር።

ምሳ ላይ ጎመን በአይብ ከቆጮ ጋር ቀረበልን። ዳዊት የራሱን መኪና ትዝታ ያመጣው ያኔ ነው። አንድ ክረምት ከቸሃ ለዘር የሚሆን ገብስ ጭኖ ሲመጣ ጆንያው ተቀደደበት። የፈሰሰውን ጠረግሁ ብሎ ተዋት። ከሳምንታት በኋላ በሩን ሲከፍት ከምንጣፉ ሥር ገብስ በቅሎ ጠበቀው። ወለሏ ውሃ ያስገባል፣ መስኮቷ ፀሐይ ያስገባል፣ ምን ጎደለው! እናቱ ይህን ስትሰማ፣ ማሳ ከሆነች ግብር ክፈልባት አለችው። ጋራዡን ሲከፍት ሸጣት። ዛሬም በመንገድ ላይ እንደሷ የሚል ድምፅ ከሰማ መዶሻውን አቁሞ እንደሚያዳምጥ ነገረን።

በተራራው መንገድ

በማግስቱ ዳዊት መሣሪያውን ይዞ ከኋላ ገባ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አገጩ ላይ ማስደገፍ ግዴታው ነው። በቸሃ በኩል ስናልፍ ከእንሰቱ መሃል ጀፎረው ተዘርግቶ አየነው፤ በሁለት በኩል ቤቶች የተሰለፉበት፣ ማንም ቆርሶ የማያጥረው፣ ከብትም ሠርገኛም ለቀስተኛም የሚሄድበት ሰፊ የሣር መንገድ። ዳዊት ማሽከርከር የተማረው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አስፋልቱ አለቀና ጠጠሩ ጀመረ። ወደ ዘቢዳር ተራራ ስንወጣ ኩርባው በዛ። በያንዳንዱ ኩርባ ሰናይት ገመዱን ታላላለች ትስባለች፣ በሩ ይንጫጫል፣ እኔ ማርሽ እቀይራለሁ። ዳዊት መሃል ላይ ልያዝልሽ ቢላት፣ አንተ አቅጣጫውን አታውቀውም አለችው። የቀኝ ኩርባ ሲመጣ ማላላት፣ የግራው ሲመጣ መሳብ እንዳለባት እኔም አላውቅም ነበር።

ቡታጅራ ስንወርድ በየደጁ የተሰጣ በርበሬ ተቀበለን፤ እያስነጠስን ከተማዋን አቋረጥን። ሐጂ ነስሩ የሚኖሩት ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በመስቃን ገጠር ነው። ድሮ መርካቶ ሸቀጥ ይነግዱ ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር አገራቸው ገብተዋል። ደጃቸው ላይ አሰላሙ አለይኩም ብለን ገባን፤ ሐጂም ወአለይኩም ሰላም ብለው እኛን ትተው ገና ያላጠፋሁትን ሞተር ድምፅ አዳመጡ።

“ሦስተኛው ካንዴላ ይሰንፋል” አሉ። እውነት ነበር።

መኪናቸው የቆመችው ግቢ አይደለም፤ ትልቁ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የነዷት ዕለት ግድግዳውን አስፈርሰው አስገቧት፣ ግድግዳውን መልሰው አሠሩት። ምክንያታቸውን ሲነግሩን እንደ ሕግ ነው፤ ጭስ የጠገበ እንጨት ምስጥ አይበላውም፣ የአባታቸው ቤት ምሰሶ ምስክር ነው፣ እንጨትን ያዳነ ጭስ ብረትን የማያድንበት ምክንያት የለም። በዚያ ላይ ቅቤ ይቀቧታል። በየዓመቱ፣ ለአረፋ ዋዜማ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ። ወይዘሮ ዘይነባ ለፀጉሯ ያስቀመጠችው ቅቤ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ብዙ ዘመን እንደፈጀባት በቀልድ ነገረችን።

ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ መኪናዋን አየናት። ሰማያዊ ናት፤ ጥላሸት ለብሳለች። ዳዊት የቀኙን በር በጨርቅ ሲያሸው ከጥላሸቱ ሥር ፋብሪካው የቀባት ቀለም ወጣ፤ አንዲት የዝገት ነጥብ የለባትም። እጀታውን ሳብ አደረግሁና ለቀቅሁት፤ በሩ ጥቅ ብሎ ተዘጋ። ያን ድምፅ ከሰማሁት ዘመን ሆኖታል።

ዳዊት ግን ተንበርክኮ በባትሪ ሥሯን አየና በእጁ ጠራኝ። እኔም ተንበረከክሁ። ወለል የለም። የወንበሮቹ እግሮች ተበልተው፣ ወንበሮቹ በድንጋይ ላይ ቆመዋል። ከመኪናዋ ጀርባ አጥር ቢጤ አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ላሞቹ የሚያድሩበት ነው። የቤቱ ወለል ወደ መኪናዋ ዘቅዘቅ ይላል። ላይ ላዩን ጭስና ቅቤ ሲጠብቃት፣ ከሥሯ የላሞቹ ሽንት ሲበላት ኖሯል።

ለሐጂ መንገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። ላይዋ እንደተረፈ፣ ሥሯ እንዳለቀ፣ ግድግዳው ቢፈርስ እንኳ ተጎትታ እንደማትወጣ ነገርኳቸው። አንድ ቀን ለአረፋ በደጃቸው ባለው ጀፎረ ላይ ሊነዷት ያስቡ እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል። ቀጥሎ የመጣሁለትን በር ስጠይቃቸው ጊዜው እንዳልሆነ ገባኝ፣ ግን ቃሉ ካፌ ወጥቷል።

“ከታች ላሞቹ በሉብኝ። ከላይ ደግሞ እኔ ላስበላት?” አሉኝ።

እኔም ብሆን አልሰጥም።

ምሳ ቀረበ። ወይዘሮ ዘይነባ ከእምነታችን ጋር እንዳይጋጭ ብላ ሥጋ አላነሳችም፤ ቆጮ፣ አይብና ወተት አሰለፈች። ከመብላታችን በፊት እጃችንን እየዞረች ስታስታጥበን ሰናይት ጋ ስትደርስ ማንቆርቆሪያውን ቀና አድርጋ ቆመች። የሰናይትን ቀኝ መዳፍ ገልብጣ አየችው። በመዳፉ መሃል ለመሃል የደነደነ መስመር አለ።

“ይኼ የምን ነው የኔ እኅት? ገበሬ ነሽ?”

ሰናይት የገመዱን ነገር ነገረቻት። አላጋነነችም፣ እኔንም አልከሰሰችም፤ መንገድ ለጠፋው ሰው አቅጣጫ እንደምታመለክት ነው የነገረቻት። እኔ ያንን መስመር አላየሁትም ነበር። የመኪናዋን ዝገት ከነቦታው አንድ ባንድ እቆጥራለሁ፤ የሚስቴን መዳፍ ያየችው ግን ዛሬ ያገኘናት ሴት ናት። አፈርኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ ውሃውን አፍስሳ ጨረሰችና ወደ ባሏ ዞረች። “ነስሩ፣ የግራው በር ያንተ ነው፣ በእሱ ነው የምትገባው፤ አልነካብህም። የቀኙ ግን የኔ ነው። ከመርካቶ ለአረፋ ስንመጣ ሁልጊዜ እዚያ የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። ለዚች ልጅ ሰጥቻታለሁ።”

ሐጂ ጢማቸውን አሹና፣ በሚስታቸው በር ላይ ሥልጣን እንደሌላቸው ለዳዊት ነገሩት። አብረን ሳቅን፣ ሐጂም ሳቁ፣ ድምፃቸው ግን ሙሉ አልነበረም።

ዳዊት የማጠፊያውን ቡሎኖች ለመፍታት ብዙ አልታገለም፤ ቅቤው ውለታ ውሎለታል። ከሰዓት በኋላ ገመዱ ተፈትቶ ሰማያዊው በር ቀይዋ መኪናዬ ላይ ተገጠመ። ሐጂን ጎኔ አስቀምጬ በጀፎረው ላይ ወዲያና ወዲህ ነዳኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ብቻ ሰሙ። ስንመለስ ወርደው በቀጥታ ወደ ትልቁ ቤት ሄዱ። የግራው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ከውጭ ሰማነው። ማታ ማታ እንዲሁ ገብተው እንደሚቀመጡ ወይዘሮ ዘይነባ ነገረችን። በድንጋይ ላይ ባለው ወንበር።

ወደ ቤት

ዳዊትን ቡታጅራ መናኸሪያ የወልቂጤ ሚኒባስ አሳፍረን፣ እኛ በቀጥተኛው መንገድ ወደ አዲስ አበባ አቀናን። ቡኢን አለፍን፣ ጢያን አለፍን። መኪናዋ ውስጥ የጭስና የቅቤ ሽታ ሞልቷል። በሩን ቀይ አስቀባዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሰናይት በጭራሽ አለች። ወይዘሮ ዘይነባ የአረፋ ዕለት እንድንመጣ ቃል አስገብታናለች፤ ታዲያ በሯን በምን ልታውቀው ነው?

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። አሮጌ መኪና የወደድን ሰዎች ስንገናኝ የምናወራው ስለ ሞተርና ስለ ወለል ነው። አጠገባችን ስለተቀመጠው ሰው የጠየቀ አላጋጠመኝም። ወሊሶ ያሉት ሰውዬም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው።

ወደ አዋሽ ድልድይ ስንወርድ መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ። ሰናይት እያንቀላፋች ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ ቀኝ እጇ ተነሳና ገመዱን ፈለገ። አየር ያዘ። እዚያው ጥቂት ቆየና ጭኗ ላይ ወረደ፤ ኩርባውን እስክንጨርስ ግን ጣቶቿ እንደተጨበጡ ነበሩ።