የላይኛው አዳራሽ ወለል

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ታሪክ» ይላታል። ቤቷ የገባ እንግዳ ገና ሳይደላደል፣ የተቀመጠበት ወንበር መቼና በማን እጅ እንደተሠራ ትነግረዋለችና። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንድ ቀን እኔንም ትኬት ቆርጣ ታስጎበኛለች» እያለ ይስቅባት ነበር።

ከዋና ከተማው በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ኮረብታ ላይ ባለ አሮጌ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በአስጎብኚነት ሠርታለች። የጉብኝቱ መንገድ አይለወጥም። መጀመሪያ ከግቢው ዳር ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትታያለች፤ ቀጥሎ የመኳንንቱ መኖሪያ የነበረው ባለ ብዙ መስኮት ቤት፤ በመጨረሻ ዋናው ቤተ መንግሥት። ሰው ግን የሚመጣው ለዋናው ቤት ፎቅ ነው። እዚያ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መስታወት የሆነ፣ ወለሉ በጥቁርና በቀይ እንጨት እንደ ጥልፍ የተሰካካ አዳራሽ አለ። ሲጮህ የመጣ ሰው እንኳ እዚያ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከአዳራሹ ልክ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ያለበት የምግብ ክፍል ነበር።

«እትዬ፣ ነይ እስኪ እይልኝ» አለቻት አንድ ማለዳ። «ትናንት ወልውዬው ነው የሄድኩት።»

ጠረጴዛው ላይ እንደ ዱቄት የላመ ቢጫ ብናኝ ፈሷል። እትዬ ታሪክ በጣቷ ነካ አደረገችው። «የጣሪያው ኖራ ይሆናል።»

«ኖራ ነጭ ነው» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

በማግስቱም ብናኙ ነበር። በሦስተኛውም ቀን።

ታላቅ ወንድሟ ዕድሜውን በአናጢነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «የሙታንን ወንበር ለማየት እግሬን አላደክምም» እያለ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም፤ ያን ሰሞን ግን ለምና አመጣችው። አዳራሹ ሲደርሱ ሌሎቹ ጎብኚዎች መስታወቱን ያያሉ፣ እሱ እግሩን ያያል። መሃል ላይ ቆሞ ተረከዙን አንዴ ቀስ አድርጎ መታ። ከዚያ ወደ ታች ወረደና መሰላል ጠየቀ። ጉልበቱ እያቃሰተ ወጣ፤ ከምግብ ክፍሉ ኮርኒስ አንዷ ጣውላ ተነቅላ ስለነበር በዚያ በኩል ወለሉን የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት አገኘው። ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ገፋው። ስለቱ እስከ እጀታው ሰጠመ።

ወርዶ እጁን ታጠበ።

«ምን አገኘህ ጋሼ?»

«ምስጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ውስጡ አልቋል።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«እሱን ምስጡን ጠይቂው። አንቺ ብቻ መሃል ላይ አትቁሚ። ግድግዳ ግድግዳውን ሂጂ።»

የግቢው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰምቶ ሲያበቃ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ቤቱ ይጠገን ብዬ ለበላዮቼ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መልስ የለም። አዳራሹን ብዘጋ ደግሞ ማን ይመጣል? ለቤተ ክርስቲያኗ ብቻ ብሎ አውቶቡስ የሚከራይ አለ?» ቆይቶ አንድ መሐንዲስ ተላከ። ሰውየው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ፣ «ክትትል ያስፈልገዋል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመና ሄደ። በሳምንቱ የአዳራሹ ወለል ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ።

«ክትትሉ ይሄ ነው?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብ ክፍሉን በሩ ላይ ቆማ በረጅም መጥረጊያ ካልሆነ አልጠርግም አለች።

እትዬ ታሪክ ሰዉን አሥር አሥር እያደረገች፣ በግድግዳው ጥግ ብቻ ማሳለፍ ጀመረች። ጎብኚው ያጉረመርማል፤ እሷ ግን ማጉረምረሙን መስማት ትታለች። ሰው መስታወቱን ሲያይ እሷ የሰውን እግር ትቆጥራለች። ወለሉ አንዳንዴ ይመልሳል፤ አጭር፣ የታፈነ ድምፅ፣ ሰው በሕልሙ እንደሚያቃስተው። በመስታወቱ ውስጥ አሥሩ ሰው መቶ ይሆንባታል። ቤቷም ገብታ ያ ድምፅ አይለቃትም።

«እማዬ፣ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትሰሚው? ተዪው በቃ» አለቻት ልጇ።

«ጆሮዬን የት ጥዬው?»

አንድ ቅዳሜ በሁለት አውቶቡስ ሰማንያ ጡረተኛ መምህራን መጡ። ኃላፊው ሮጥ ሮጥ እያለ ቀረባት። «ዛሬ አሥር አሥር የሚባል ነገር የለም። ሁሉም አንድ ላይ ይወጣሉ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እዚያ ንግግር ያደርጋል።»

«እኔ አልወጣም» አለች።

«ምን?»

ደረጃው ሥር ቆማ ወደ እንግዶቹ ዞረች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ወደዚህ ፎቅ አውጥቻለሁ። ዛሬ አላወጣም። ወለሉን የተሸከመው እንጨት ተበልቷል። ከታች ብታዩት ይሻላችኋል።»

አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ከእሷ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረ፣ ድምፁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ስለሆነ «ማይኩ» የሚሉት አስጎብኚ ነበር። እሱ ወደፊት ወጣና፣ «እህቴ ዛሬ ደክሟታል! እኔን ተከተሉኝ!» አለ። ሲያልፍ በጆሮዋ፣ «እንጀራችንን ልትዘጊው ነው እንዴ?» አላት።

ግማሹ ተከተለው። አንዲት አሮጊት መምህርት ግን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ» አሉ። «ሰማንያ ሰው ለአንድ የተበላ እንጨት ሲካፈል የሚወጣውን መልስ ማየት አልፈልግም።»

እትዬ ታሪክ የቀሩትን ይዛ ወደ ሜዳው ወጣችና ወደ መስኮቶቹ አንጋጣ ቆመች። የንግግሩ ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ ጭብጨባ። ጭብጨባው ረዘመ። በመጨረሻ ሰዎቹ ደረጃውን እየተጫወቱ ወረዱ፤ አንዱም ኮፍያውን አንስቶ፣ «ይኸው በሕይወት ተመልሰናል እትዬ!» አላት። ሁሉም ሳቁ።

አንገቷን ደፋች። ከውርደቱ የባሰባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጭብጨባው ሲረዝም፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ወለሉ ቢወድቅና እውነቷ ቢታይ ብላ ተመኝታ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሰኞ ወደ ትኬት መስኮቱ ተዛወረች። ማይኩ ሰላምታ አቆመ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስድስት ሰዎች መጡ፤ ባልና ሚስት፣ የሚስትየዋ ሁለት እህቶች፣ ሽማግሌ አባታቸውና አንድ ጎረቤት። ትኬቱን የቆረጠችላቸው እትዬ ታሪክ ራሷ ናት። ማይኩ ሊወስዳቸው ሲመጣ በመስኮቱ ቀዳዳ፣ «ግድግዳ ግድግዳውን፣ እባክህ» አለችው። ዞር ሳይል እጁን ወዘወዘ፤ እሺ ይሁን ተዪኝ አልገባትም።

ድምፁ እንደጠበቀችው አልነበረም። አሸዋ የጫነ መኪና እንደሚገለበጥ ያለ ሆኖ መጣ። ቀጥሎ መስታወቶቹ ተከተሉ። ከዚያ ጭጭ አለ፤ በፎቁ መስኮቶች ቢጫ ብናኝ ወጣ።

ስትደርስ የአዳራሹ መሃል የለም። ስድስቱ ጎብኚዎች አንድ ክንድ በምትሆን ጠርዝ ላይ፣ ጀርባቸውን ከግድግዳው አጣብቀው ቆመዋል። አንዳቸውም አይጮኹም። ሽማግሌው ብቻ «ማንም እንዳይነቃነቅ፣ ማንም እንዳይነቃነቅ» ይላሉ፣ ደጋግመው። ማይኩ ግን አስጎብኚ ነው፤ አስጎብኚ ሁሉም እንዲያየው መሃል ይቆማል። ከምግብ ክፍሉ፣ ከተሰበረው ጠረጴዛ ሥር አወጡት።

ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን ተሰብሮ ከዚያ ወዲያ አልቆመም። ሐኪም ቤት ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ግድግዳው ጋ ቁሙ አልኳቸው» አለ። ያ ድምፅ ሹክሹክታ ሆኗል። «ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አላመንኩሽም እኮ።»

«ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ባትቆርጪው ሌላ ሰው ይቆርጠው ነበር።»

«ምነው ሌላ ሰው በቆረጠው» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ምርመራ ተደረገ፤ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ኃላፊው ከሥራ ተባረረ። መሐንዲሱን ግን ያቺ «ክትትል ያስፈልገዋል» የምትል ቃሉ አዳነችው። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከኃላፊው ጋር ተገናኙ። ከስቷል። «ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር» አላት። «አውቃለሁ» አለችው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆሙ።

ቤተ መንግሥቱ ተዘጋ። እሷም ሥራውን ተወች። ነገር ግን በከተማው ዙሪያ በዚያው ዘመን የተሠሩ፣ ሰው የሚጎበኛቸው አሥራ አንድ ቤቶች አሉ፤ አራቱ ተመርምረዋል፣ የሰባቱ ወረፋ አልደረሰም እየተባለ ዓመት አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደማንኛውም ጎብኚ ትኬቷን ቆርጣ ካልተመረመሩት ወደ አንዱ ትገባለች፣ ትዞራለች፣ ቆም ትላለች። ያሉት አስጎብኚዎች አውቀዋታል። «መጣችላችሁ» ይባባላሉ፤ አንዳንዶቹ ጀርባቸውን ይሰጧታል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰባቱ በአንደኛው፣ ሰገነቱ ሥር ረጅም ጊዜ ቆማ ቆየች። የቤቱ አስጎብኚ ሰው እንዳይሰማው ተጠግቶ፣ «እትዬ፣ እኛ ጋስ ምን አዩ?» አላት።

ጣቷን ዘርግታ የያዘውን ቢጫ ብናኝ አሳየችው። «አሁን ሰገነቱ ላይ ስንት ሰው አለ?»

«አርባ ገደማ።»

«አስወርዳቸው» አለች። «በዝግታ። አታስሩጣቸው።»