በሦስት ማልያ ላይ አንድ ፊርማ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባንክ ውስጥ የቼክ ፊርማ ስታመሳክር የኖረች ሴት ናት። አጉሊ መነጽሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ ባልደረቦቿ «አጉሊዋ» ይሏታል። ታላቅ ወንድሟ ስሙ የገነነ በረኛ ነበር። ታሞ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲማቅቅ፣ አብሮት የተጫወተው የቡድኑ አምበል አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ «እንዴት አደርክ?» አላለውም። ቀብሩ ላይ ግን ከሁሉ ፊት ቆሞ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ደቃ። አጉሊዋ ይህን በልቧ ቋጠረች።

ዓመት ሳይሞላ አምበሉ በስፖርት ዕቃ መደብሩ ሟቹ የፈረመባቸውን ማልያዎች ይሸጥ ጀመር። «እጄ ላይ ትቶልኝ የሄደው አደራ ነው» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አጉሊዋ አንዱን በሰው እጅ አስገዛች፤ ሁለቱን ከገዢዎች ተዋሰች። ፊርማዎቹን በስስ ወረቀት ገልብጣ፣ ወረቀቶቹን ደራርባ መስኮቱ መስታወት ላይ ስትለጥፋቸው አንድ ፊርማ ብቻ ታየ። ሰው የገዛ ስሙን እንኳ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም፤ ይህን ለእሷ የሚነግራት የለም። መስመሩም ይንቀጠቀጣል፤ መታጠፊያው ላይ ማርከሩ ቆም እያለ ቀለሙ ተጠራቅሟል። ወንድሟ እንደሆነ ሲፈርም ዝንብ የሚያባርር ነበር የሚመስለው።

«ለፖሊስ ንገሪያ!» አለቻት ታናሽ እህቷ።

«ቆይ። ሰው በተሰበሰበበት ነው የምፈልገው።»

ሦስት ወር ጠበቀች። ክለቡ የቀድሞ ተጫዋቾችን ዕቃ ለሕዝብ ባሳየበት ቀን አምበሉ ማልያ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፤ እሷን ሲያይም «እህት ዓለም፣ ነይ እስቲ፣ አንቺም አንድ ቃል ተናገሪ» ብሎ ራሱ ጠራት። ታለቅስልኛለች ብሎ ነው።

«አንተ ፊት ነው የፈረመው?» አለችው፣ ድምፅ ማጉያውን ተቀብላ።

«ዓይኔ እያየ! ሊያርፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው።»

«ቀኝ እጁ እኮ ያኔ ሽባ ከሆነ ዓመት አልፎት ነበር። እያጎረስኩ ያበላሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን መጥተህ ጠይቀኸው ቢሆን ይህን ታውቅ ነበር።»

ሦስቱን ወረቀት አውጥታ በመብራቱ ፊት ደራርባ አሳየች። ከፊት የተቀመጡት ገዢዎች ተነሡ።

አምበሉ ላብ በላብ ሆኖ ጠጋ አላት። «በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ እዚህ አታዋርጂኝ» አለ በሹክሹክታ።

«እሱ በር በሩን እያየ ነው የሞተው» አለችው፣ ማጉያውን ከአፏ ሳታርቅ።

በሳምንቱ መደብሩ ታሸገ፤ ክለቡም የአምበሉን ፎቶ ከግድግዳው አወረደ። ሚስቱ አጉሊዋ ቤት መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች። አጉሊዋ ደግፋ አነሣቻት፣ ወንበር ሰጠቻት፣ ውሃ አቀረበችላት፣ የምትለውን ሁሉ ሰማቻት። ከዚያ እስከ በሩ ሸኘቻት እንጂ «ይቅር ብዬዋለሁ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

«አሁንስ አልበረደልሽም?» አለች ታናሽየዋ።

«አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል» አለች አጉሊዋ። «ግን ገና አልጠገበም።»