የአሊ ደም ባለቤት

ልጅ ሳለሁ በሰማኋቸው የአደን ተረቶች ውስጥ፣ ከአንዱ በቀር፣ ጠመንጃው አንድ ብቻ ነበር። አዳኞቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውሾቹም፣ ጦሮቹም፣ አውሬዎቹም ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጠመንጃው ግን አንድ። ተረቱን የሚነግሩን የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ይማም ነበሩ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴንና እኔን ያስጠጉን እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከግራና ከተማ በታች፣ ማሽላው እስከ ወንዙ ድረስ ከሚወርድበት ቦታ ነበር፤ ያኔ ምሽት ማለት ለእኔ የእሳቸው ድምፅ፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው የኩበት ጭስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካው ኩራዝ፣ ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውም አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበር።

አያ ይማም መግሪብ ሰግደው ሲገቡ እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው ትንሽ ዝም ይላሉ። ዝምታው ሲረዝምብን እኛ ልጆቹ እንቁነጠነጣለን፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ያቆዩን ነበር። ከተረቶቻቸው ሁሉ በጣም የምንስቅበት ሁለት ጠመንጃ ስለነበረው ሰው የሚያወሩት ነው። ሰውዬው በቀኝ ትከሻው አንድ፣ በግራ ትከሻው አንድ አንግቶ ጫካ ይወርዳል። ድኩላ ውሃ ልትጠጣ ትመጣለች። የቀኙን ላውርድ ይላል፤ አይ፣ ለሩቅ የግራው ይሻላል ይላል፤ የግራውን ሲያወርድ የቀኙ ማንገቻ ክርኑ ላይ ይጠመጠምበታል። እሱ ከማንገቻው ጋር ሲታገል ድኩላዋ ጠጥታ፣ ዞር ብላ አይታው፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች። እዚህ ላይ አያ ይማም ከመቀመጫቸው ተነስተው ክርኑ እንደታሰረ ሰው ይንፈራገጡ ነበር። ልጃቸው ሙሄ፣ ያኔ ጢሙ ገና እያቆጠቆጠ የነበረ ጎረምሳ፣ ሆዱን ይዞ በሳቅ ይንከባለላል። እኔ ወንድም የለኝም፤ ወንድሜ እሱ ነበር።

ነገሩ ተረት ብቻ አልነበረም። ከርከሮ ማሽላ ውስጥ ሲገባና መንደሩ ለአደን ሲወጣ የሚወጣው አንድ ጠመንጃ ነው። ሌላው ሰው ዱላውን፣ ጦሩን፣ የሚንኳኳ ቆርቆሮውን ይዞ ይከተላል። ቤቱ ጠመንጃ ያለው ሰው ቢኖር እንኳ ሰቅሎት ይመጣል። አያ ይማም ደንቡን ከአባታቸው ነው የወረሱት፤ አባታቸውም ለምን እንደሆነ የነገሯቸው አይመስለኝም። እሳቸውም ሲጠየቁ ያቺኑ የማንገቻ ተረት ይነግሩና ያስቁናል። እኔ እስከ ዛሬ የምናደደው በዚህ ነው። ሰው የሚሞትበትን ነገር ለልጅ አስቂኝ አድርጎ መንገር ምን የሚሉት ብልሃት ነው? ስቀን ስቀን፣ ምን እንደተነገረን እንኳ ሳንሰማው አደግን።

አንድ ዓመት ከርከሮው ከመጠን በላይ በዛ። ማሽላው እሸት ከመሆኑ በፊት እየተገነደሰ ያድር ጀመር። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ የእብሬ አባት ልክ የአያ ይማምን የሚመስል ምንሽር ገዙ። እብሬና ሙሄ አብረው ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው፤ ጠመንጃው በተገዛ በማግስቱ ምሽት ሁለቱም ከእኛ እሳት ዳር ተቀምጠው ጎን ለጎን ሆነው ለማደን ፈቃድ ጠየቁ። የሙሄ ክርክር እውነቱን ለመናገር የሚያሳምን ነበር። አንዱ ተኩሶ ሲስት እንደገና እስኪያቀባብል ድረስ ከርከሮው ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ሁለት ከሆኑ ግን አንዱ ሲያቀባብል ሌላው ይተኩሳል። እናቴ እንኳ ራሷን ነቀነቀች። አያ ይማም ያኔ ወባ ጥሏቸው ጋቢ ተከናንበው ነበር የተቀመጡት። አንድ ይበቃል አሉ። ለምን ሲባሉ ያችን ተረት ጀመሩ።

ሙሄ አልሳቀም። «አባ፣ ይቺን እኮ እናውቃታለን» አላቸው። «ማሽላው እያለቀ ነው።»

አያ ይማም በእንጨት ጫፍ ፍሙን ሲቆሰቁሱ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ የወባው ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው ወደ መደባቸው ሄዱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሙሄ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠረው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ከተሰገደ በኋላ ወጡ። ሙሄ ከቁጥቋጦው በአንድ ወገን፣ እብሬ በሌላው ወገን ሆነው አደፈጡ። አሊ የሚባል ልጅ ደግሞ ቆርቆሮ እያንኳኳ ከርከሮዎቹን ከመሃል እንዲያስወጣ ተላከ። አሊ የእማማ ዘይነባ ልጅ ነው፤ እማማ ዘይነባ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፣ ሌላ ልጅም የላቸውም። እኛ ከቤት ሆነን ቆርቆሮውን ሰማነው፤ ከዚያም ተኩስ ሰማን። ሁለት ተኩስ ነው፤ ግን በጣም ከመጠጋጋታቸው የተነሳ አንዱ የሌላው ማሚቶ ይመስል ነበር። ቆርቆሮው ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወንዙ በኩል ጩኸት መጣ።

የአሊን አስከሬን በቃሬዛ አመጡት። ጥይቱ በብብቱ ስር ገብቶ በሌላው ጎኑ ወጥቷል፤ አፈር ውስጥ ቢፈለግ ቢፈለግ ሊገኝ አልቻለም። ጠመንጃዎቹ አንድ ዓይነት፣ ጥይታቸውም አንድ ዓይነት ስለነበር ቁስሉም የሚናገረው ነገር አልነበረውም። ከመርሳ ከተማ የመጡት ፖሊሶች ጠመንጃዎቹን ወሰዱ፤ ልጆቹንም አስረው ቆይተው፣ ሁለቱም መተኮሳቸውን እንጂ የማን ጥይት እንደመታው መለየት ስላልተቻለ ለቀቋቸው። በአደጋው ቀን ጠዋት ሁለቱም መሬት ላይ እየተንከባለሉ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማታ፣ ዘመድ አዝማድ መክሯቸው ሲያበቃ፣ ሁለቱም «እሱ ነው» ይሉ ነበር። ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ሊለወጥ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ባላውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንደሩ መንደር መሆኑ ቀረ። የአሊ የአጎት ልጆች ጠመንጃ ይዘው መንገድ ዳር ይቀመጡ ጀመር። ሙሄ ግራና ገበያ መውጣት ተወ፤ አንዱን ምሽት እኛ ዘንድ፣ አንዱን ምሽት አክስቱ ቤት እያለ ያድራል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቴ ኩራዙን እፍ ትላለች። ጨለማው ውስጥ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን የፍሙን ቅላት እያየን እንቀመጣለን። አንድ ምሽት የእብሬ አባት የማሽላ ክምር ነደደ። እሳቱ በራችን ድረስ ያበራ ነበር፤ ማንም ሊያጠፋ የሄደ የለም። ሙሄ እንደሚገደል አልተጠራጠርኩም። የማላውቀው መቼ እንደሆነ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ አባጋር ተጠሩ፤ በእኛ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ አባጋር ይባላሉ። ሰው ሁሉ ከመስጊዱ ጓሮ ተሰበሰበ፣ ሴቶች ከአጥሩ ወዲህ ቆምን። በደንቡ መሠረት ገዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አቀርቅሮ፣ ከሟች ወገን ፊት ይቀርባል። ሙሄም እብሬም ድንጋይ ተሸክመው መጡ። እማማ ዘይነባን ደግፈው አመጧቸው። ሁለቱን ልጆች አንድ በአንድ አዩና አንገታቸውን ወደ አባጋሩ መለሱ።

«የሞተብኝ አንድ ልጅ ነው» አሉ። «ይቅር የምለውም አንድ ሰው ነው። የትኛውን ይቅር ልበል?»

አባጋሩ ቀስ ብለው አስረዱ፤ ይቅርታ ለሰው በስሙ ይሰጣል እንጂ ይሄ ወይም ያ ተብሎ ዱአ አይደረግም፤ ገዳዩ ያልታወቀ ደም ከሁለቱም ቤት ላይ ሳይወርድ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከዚያ ልጆቹ ይምሉ እንደሆነ ጠየቁ። በቁርአን ፊት ሁለቱም ያወጡት ቃል አላውቅም የሚል ሆነ። ያኔ ነው የአንድ ጠመንጃ ነገር የገባኝ። ጫካ ውስጥ ሰው ይሳሳታል፤ በአንድ ጠመንጃ ሲሳሳት ግን ማን እንደተሳሳተ ይታወቃል፣ ይለቀሳል፣ ይታረቃል። ወደ አያ ይማም ተመለከትኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እሳቸውም ራሳቸው የአባታቸውን ደንብ ምክንያት ያወቁት ያን ቀን ይመስለኛል።

ተነሱ። ወባው አጥንታቸውን ብቻ አስቀርቷቸው ስለነበር በከዘራ ነው የሄዱት። እብሬ ዘንድ ሄደው ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አንስተው መሬት አስቀመጡት።

«የገደለው የእኔ ጠመንጃ ነው» አሉ። «የተኮሰው ልጄ ሙሄ ነው።»

ሙሄ ቀና ብሎ አባቱን አየ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። በሽማግሌ ፊት አባትን ዋሽተሃል ማለት ነውር ነው፤ መልሶ አቀረቀረ። እማማ ዘይነባ አያ ይማምን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። ከዚያ ወደ ሙሄ ሄደው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። «በል ተነስ። ከእንግዲህ ልጄ አንተ ነህ» አሉት። የመስጊዱ ሸኽ ዱአ አደረጉ፣ ሰው ሁሉ አሚን አለ፤ የአሊ የአጎት ልጆችም ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያ ምሽት እሳቱ ዳር እናቴ መታገስ አልቻለችም፣ በእርግጥ የሙሄ ጥይት መሆኑን በምን አወቁ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አላህ ይወቀው፤ እኔ አላውቅም» አሉ አያ ይማም። «የእብሬ አባት ልጁን አይሰጥም። አንዳችን መስጠት ነበረብን።»

ሙሄ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ጋቢውን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከአባቱ እሳት ዳር ተቀምጦ አያውቅም። እናቴ እስከ ዛሬ አያ ይማም ሁለቱንም ልጆች ከሞት አዳኑ ትላለች። ልክ ናት፣ አልከራከራትም። እኔ ግን ሙሄን አውቀዋለሁ፤ የዳነው ሌላ ሰው ነው።

የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦች እጁ ላይ ደም ላለበት ሰው አንሰጥም ብለው ቃላቸውን አጠፉ። ልጆች ሲያዩት ከመንገድ ይወጣሉ። እብሬ አግብቶ ውርጌሳ አስፋልት ዳር ሱቅ ከፈተ፤ ሙሄን ከሩቅ ሲያይ ወደ ሱቁ ጓዳ ይገባል ይባላል። አያ ይማም አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጅ እንግዳ መጥቶብን፣ ያችን የሁለት ጠመንጃ ተረት ሊነግሩ ጀምረው ነበር። ድኩላዋ ውሃ ላይ ስትደርስ ተነሱ፣ ክርናቸውን አነሱ፣ እንደዚያ እንዳነሱት ቆሙ። ከዚያ ተቀመጡና ልጁን ስለ ትምህርቱ ጠየቁት። ሲሞቱ መቃብራቸው ውስጥ ገብቶ ያስተኛቸው ሙሄ ነው፤ አላለቀሰም።

እኔ አሁን ወልድያ ልብስ እሰፋለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ በእኛ አካባቢ ጠመንጃ ያለበትን ቤት ከመቁጠር የሌለበትን መቁጠር ይቀላል። ባለፈው አጨዳ ወደ ግራና ወርጄ ሙሄን ለማየት ሄድኩ። የራሱን ብቻ ሳይሆን የእማማ ዘይነባንም ማሳ የሚያርሰው፣ የሚያጭደው እሱ ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እዚያው እሳቸው ዘንድ ነው የሚኖረው። በራቸው ላይ ቆመን ስናወራ ጎረምሶች ለከርከሮ አደን ወደ ወንዙ ሲወርዱ አየን፤ ጠመንጃ ያልያዘ አንድም አልነበረም። ለምን አትነግራቸውም አልኩት።

«ነግሬያቸዋለሁ። በግልጽ ነው የነገርኳቸው፣ እንደ አባቴ በተረት አይደለም» አለኝ። «ያው ሳቁ።»

እማማ ዘይነባ ስለዚያ ቀን ጠይቀውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። አንድም ቀን አለመጠየቃቸውን፣ ቢጠይቁት ይሻለው እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ወደ ወንዙ ዞረ። ከልጅነቴ ምሽቶች ጭሱም፣ የኩራዙም ብርሃን፣ ሳቁም ትዝ ይለኛል፤ ተረቱን ግን ለልጆቼ አልነግርም፣ ደንቡን ብቻ ነው የምነግራቸው።

«ጠመንጃው አንድ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ተኩሼ ገድዬው ቢሆን እንኳ አርፌ ገዳይ እሆን ነበር» አለኝ ሙሄ በመጨረሻ። «እብሬ ቢተኩስ ደግሞ ንጹሕ ሰው እሆን ነበር። እኔ ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ ነው ያረጀሁት፣ እህቴ።»

እማማ ዘይነባ ከውስጥ «ልጄ» ብለው ተጣሩ። «አቤት» ብሎ ገባ።