ሩዝ መሐል የተገኘው ገብስ

«ገብስ ነው! ሩዝ አይደለም፣ ገብስ!» ብዬ ዛሬ ጠዋት ወረታ ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ጮህሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የሩዝ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ እያነጻጸርሁ ነው። ከሰዓት ለአማካሪዬ መላክ ነበረብኝ። አንዱ ፕሮቲን ግን ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብሎ ሰንብቷል። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ኮራ ብዬም ነበር።

ፕሮቲኑ ከየትኛው ፍጥረት እንደተወሰደ ፋይሉ አናት ላይ ተጽፏል። ግን ምስሉ እያማረ ያንን ማን ያነባል? ዛሬ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጭር ትእዛዝ ጽፌ፣ ቅርጹን የሚያሳየኝ ሶፍትዌር የሁሉንም ምንጭ እንዲነግረኝ አደረግሁ። ሩዝ፣ ሩዝ፣ ሩዝ፣ ገብስ!

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። «ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ ሩዙ ውስጥ ገብስ ተቀላቅሎ አገኘሁ!»

«ኧረ በሞትሁት! በየትኛው ጆንያ?» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ለዘር ያስቀመጠችውን ሩዝ እየዘገነች ስትፈትሽ ደረስሁባት። ኮምፒውተሩ ውስጥ መሆኑን ስነግራት፣ «ልቤን ቀጥ አደረግሽው እኮ!» አለችኝ። ጆንያው ላይ ተደግፈን እስኪደክመን ሳቅን።

ገብሱን አውጥቼ ሥራዬን በሰዓቱ ላክሁ።

እናንተስ፣ ግኝት መስሏችሁ ስህተት ሆኖ ያረፈው ነገር ምን ነበር? ጻፉልኝ፤ ለእናቴም አነብላታለሁ።