እትዬ ብርቄ ለእሁድ ቀጥራን ነበር

ሁለቴ አስደገምኩት። ትልቁ ልጇ ደውሎ "እማዬ አረፈች" ሲለኝ "የማን እማዬ?" አልኩት። ልጁ ሁለት እናት ያለው ይመስል።

ትናንት ማታ እኮ አውርተናል። ድምጿ እንደወትሮው ነበር፤ ሳቋም፣ ቁጣዋም። ዛሬ ጠዋት ልቧን አመማት፣ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች አሉ። እስካሁን ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም። "ተሳስተን ነው" ብለው የሚደውሉልኝ እየመሰለኝ።

ለማታውቋት፣ እትዬ ብርቄ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔንና ወንድሜን ሰለሞንን ያሳደገችን እሷ ናት። ዊንጌት አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ትሰፋለች አልኩ አይደል? "ነበር" ማለቱን ገና አልለመድኩትም።

ልብሴ ቆሸሸ ብሎ የሚነጫነጭ ሰው ካጋጠማት መልሷ አንድ ነው፦ "ልብስ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለልብስ አልተፈጠረም።" ልብስ ሰፊ ሆና እንዲህ ማለቷ ሁሌም ያስቀን ነበር።

ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ የአምናው እሁድ ነው።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን ቤተሰቡ በሙሉ እንጦጦ ማርያም አስቀደስን። ስንወጣ እትዬ፣ ልጆቹን ዝቅ ብሎ ካለው መጫወቻ እንውሰዳቸው አለች። ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለ ሜዳ ነው። የገመድ ድልድይ፣ የተንጠለጠለ ጎማ፣ መረማመጃ ግንድ አለው። የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ቦታውን ጭቃ በጭቃ አድርጎታል። ምን እንደለበስን ያሰበ የለም። ደርሰን ስንተያይ ከሕፃን እስከ አዋቂ ነጭ በነጭ ነን። ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ጭቃ ሊጫወት የሚሄድ የኛ ቤተሰብ ብቻ መሆን አለበት።

እናም ዳር ላይ ተደርድረን ቆምን። ልጆቹን መጫወቻ ወስደን "እንዳትቆሽሹ" እያልን እጃቸውን ጨምድደን ያዝን። ሰለሞን ጫማውን በሶፍት ይጠርጋል። ባለቤቴ ይቅርብን፣ ወደ ቤት እንሂድ ትላለች። የእትዬ የመጨረሻ ልጅ ሊዲያ ከንፈሯን ጥላ ጎማውን ታያለች።

እትዬ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ለኔ ሰጠችኝና ገባች። ግንዱ ላይ ወጥታ ትንሽ እንደተራመደች አዳለጣትና ጭቃው ውስጥ ዘጭ አለች።

ደነገጥን። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፣ ወገቧ ተሰበረ ብለን ነው። እሷ ግን እዚያው ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ መሳቅ ጀመረች። ልጆቹ ከእጃችን አምልጠው ላይዋ ላይ ተከመሩ። ሰለሞን ሱሪውን ጠቅልሎ ተከተላቸው። ትንሽ ቆይታ ባለቤቴም ገባች።

እኔ ቀረሁ። የሁሉም ነጠላ፣ ጫማና ቦርሳ እኔ ላይ ተከምሯል። እትዬ የገመዱ ድልድይ ላይ ሆና ጠራችኝ።

"ና እንጂ አንተ።"

ዕቃ ይዣለሁ አልኳት።

"ዛፉ ላይ ስቀለው። ወንድሜ ከመቼ ወዲህ ነው የልብስ መስቀያ የሆነው?"

ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ግን አልገባሁም። ሌላ ቀን እንመጣለን፣ ያኔ ተዘጋጅቼ እገባለሁ ብዬ ነው።

ስንመለስ ታክሲ እምቢ አለን። ረዳቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩን በሩን ይዘጋሉ፤ አይፈረድባቸውም። ቁልቁል በእግራችን ብዙ ከሄድን በኋላ አንድ ሹፌር አዘነልንና ቆመ፤ ወንበሬን ብቻ አደራ አለ። እትዬ ነጠላዋን ከእጄ ወሰደችና ወንበሩ ላይ ዘርግታ ጭቃ የለበሱትን ልጆች አስቀመጠችበት። ቀኑን ሙሉ ጠብታ እንዳይነካው ታቅፌ የቆምኩትን ነጠላ። ያኔ በሷ ተናድጄ ነበር። ዛሬ የምናደደው በራሴ ነው። ለአንድ ነጠላ ብዬ ከእህቴ ጋር ሳልጫወት ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ስትለምነን ከረመች። አንድ ቀን ብቻ፣ ሁላችንም፣ ማንም ሳይቀር። ሰለሞን ከአዳማ ለመምጣት ሥራ አይመቸውም። የባለቤቴ እረፍት ከኔ ጋር አይገጥምም። እኔ ደግሞ ጭቃው ይድረቅ እላታለሁ።

"ከደረቀማ ምን ልንሠራ እንሄዳለን?" ትለኛለች።

በስንት ጭቅጭቅ ለፊታችን እሁድ፣ ለከነገ ወዲያ ተስማማን። ትናንት ማታ የደወለችው ለዚሁ ነው። ነጭ እንዳትለብሱ አለችኝ። እንዳትቀር አለችኝ። እሺ አልኳት።

እትዬ፣ ቀን አጣሁ ሲልሽ የከረመው ሰለሞን ዛሬ ረፋድ ላይ ደርሷል። ባለቤቴ አንድ ስልክ ደውላ ፈቃድ አገኘች። እኔም ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም። ለካ ይቻል ነበር። ለሞትሽ የተገኘው ቀን ለሳቅሽ እንዴት እንደጠፋ ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ እንቀብርሻለን። እሁድ ሰልስትሽ ነው። ሊዲያ ቅድም መጥታ "እሁድ ቀረ እንዴ?" አለችኝ። እቅፍ አደረግኳት።

እህቴም እናቴም፣ ፈጣሪ በደግ ቦታ ያሳርፍሽ። ልጆችሽን አደራ ሳትይኝ ተቀብያለሁ። ደህና ሁኚ። ሁላችንም መጥተን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል፤ የጠራሽን ግን ለዚህ አልነበረም።